ከወንበር እስከ ዓይን

ጥቅምት 8 ቀን

ይድረስ ለአማቴ፣

ደብዳቤዎ ማክሰኞ ዕለት ደረሰኝ። ፖስታው ላይ የእጅ ጽሑፍዎን ሳይ የያዝኩትን የደንበኛ መነጽር ልጥለው ምንም አልቀረኝም። ሁለት ዓመት ሙሉ ዝም ተባብለን ኖረን፣ ከፍቼ ሳነበው ያለው ነገር አንድ ጥያቄ ብቻ ሆነብኝ፤ ቤቱ ሆኖ ኮከብ ማየት የሚፈልግ ጀማሪ ምን ምን ያስፈልገዋል? ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ገልብጬ ጀርባውንም አየሁት፤ ሌላ ምንም የለም።

እኛ ደህና ነን። የልጅ ልጅዎ ስምንት ዓመት ሞልቷታል። አንድ ቦታ አርፋ መቀመጥ ስለማይሆንላት ሰፈሩ ሁሉ ፌንጣ ነው የሚላት። እኔም ያው መነጽር ቤቱ ውስጥ ነኝ፤ ሌንስ እሞርዳለሁ፣ የተጣመመ ፍሬም አቃናለሁ።

ወደ ጥያቄዎ ልምጣ። ልጅዎ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ለጠየቀው ሁሉ የሚሰጠው መልስ አንድ ነበር፤ መጀመሪያ ምንም አትግዙ ይል ነበር። በቴሌስኮፕ የጀመረ ሰው በወሩ ይሰለቸዋል። እና መጀመሪያ መብራትዎን አጥፍተው ሃያ ደቂቃ ይቀመጡ፤ ዓይን ጨለማ እስኪለምድ ጊዜ ይፈልጋል። በመሃል መብራት ካዩ እንደገና ከመጀመሪያው ነው። ካርታ ለማንበብ የእጅ ባትሪ ያስፈልግዎታል፣ አፉ ግን በቀይ ነገር ይሸፈን፤ ቀይ ብርሃን ዓይንን አይረብሽም። ወደ ኋላ የሚንጋለል ወንበር ይፈልጉ፣ አለበለዚያ አንገትዎ ይቀየምዎታል። ወፍራም ካፖርት ይልበሱ፤ ቁጭ ያለ ሰው ቶሎ ይበርደዋል። ያዩትን የሚጽፉበት ደብተርም አይጥፋ። ይህን ሁሉ አድርገው አሁንም ካልሰለቹ ያኔ ባይኖኩላር፣ ያ ባለ ሁለት ዓይኑ የሩቅ ማያ። ቴሌስኮፕ የመጨረሻው ነው።

የእሱ ቴሌስኮፕ ሣጥኑ ውስጥ እንደተቀመጠ አለ። አልጠየቁኝም፤ ይወቁት ብዬ ነው።

ፌንጣ ከአባቷ መጽሐፍ ላይ አይታ የሣለችውን የኮከብ ካርታ አብሬ ልኬያለሁ። ለምን እንደፈለጉት አልጠይቅዎትም።

ምራትዎ


ጥቅምት 25 ቀን

ልጄ፣

"ይድረስ ለአማቴ" ብለሽ ስትጀምሪ የፍርድ ቤት መጥሪያ መስሎኝ ቁጭ ብዬ ነው ያነበብኩት።

ለምን አልደወለችም ብለሽ እንዳሰብሽ አውቃለሁ። ስልክ ላይ ምላሴ ይቀድመኛል፤ ምላሴ ሲቀድመኝ ምን እንደሚያደርግ ደግሞ አንቺ ታውቂያለሽ። ወረቀት ላይ ሲሆን እንደ ስፌት ነው፣ ጠማማ የሄደውን መተርተር ይቻላል። ይቺን ደብዳቤ እስካሁን አራት ጊዜ ተርትሬያታለሁ።

ያዘዝሽኝን ሁሉ አሟልቻለሁ። ባትሪውን ከአንድ ካፖርት በተረፈኝ ቀይ ገበር ሸፍኜ በላስቲክ አስሬዋለሁ። ጠርዙንም ቀምቅሜዋለሁ። ማን ያየዋል አትበዪኝ፤ ጠርዙ የተተለተለ ጨርቅ እጄ ላይ ይዤ ሰማይ ማየት አይሆንልኝም። ወንበሩ ነበር ያስቸገረኝ። ከታች ያለው ፀጉር አስተካካይ የድሮ ወንበሩን ሊጥል ሲያወጣ ደረስኩበት። ወደ ኋላ ይንጋለላል፣ የራስ መደገፊያ አለው፣ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ከዚህ ሌላ ምን እፈልጋለሁ? ሦስት ሰው ተሸክሞ እያቃሰተ በረንዳዬ ላይ አወጣልኝ። አስተካካዩ "እማማ፣ ሱቅ ሊከፍቱብኝ ነው እንዴ?" አለኝ። "አዎ፣ የመጀመሪያው ደንበኛ አንተ ነህ፣ ከጆሮህ ነው የምጀምረው" አልኩት። እና አሁን እራት ከበላሁ በኋላ መብራቴን አጥፍቼ እንደ ሹም ተንጋልዬ እተኛለሁ። ጎረቤቶቼ አበደች ማለት ጀምረዋል፤ እኔ ግን ሃያ ደቂቃዋን አክብሬ እጠብቃለሁ።

የፌንጣ ካርታ ትንሽ ስህተት ነበረበት፣ አስተካክዬዋለሁ። እንዳትቆጪያት፤ ልጅ ናት፣ መሞከሯ ራሱ አንጀቴን አርሶታል።

ለምን እንደፈለግሁት አልጠየቅሽኝም፣ እኔም ገና አልነግርሽም። አንድ ነገር ግን ልጠይቅሽ። የዚያን ቀን በራፌ ላይ ቆሜ ያልኩሽን ታስታውሻለሽ?

አማቴ መባሉን ትተሽ እንደ ድሮው እማማ በዪኝ።


ኅዳር 12 ቀን

እማማ፣

መልስ በማዘግየቴ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ጥያቄዎን ይዤ ሁለት ሳምንት ዞርኩ፤ ሥራ ላይ፣ አውቶቡስ ውስጥ፣ ዕቃ ሳጥብ። አዎ፣ አስታውሳለሁ። ከቀብሩ ስንመለስ "አንቺ ወጣት ነሽ፣ ሌላ ባል ታገኛለሽ። እኔ ግን ሌላ ልጅ አላገኝም" አሉኝ። እኔም በማግሥቱ ልጄን ይዤ ከቤትዎ ወጣሁ። አልተናደድኩም ብል ውሸት ነው። ንዴቱ ግን ካለፈ ቆየ። አሁን ያለው ፍርሃት ነው፤ ምን እንደሚያስፈራኝ አንድ ቀን እጽፍልዎታለሁ፣ ዛሬ አልቻልኩም።

ዛሬ የላክሁልዎ ባይኖኩላር ነው። አንድ ደንበኛችን ሻጋታ ስለበላው አልፈልገውም ብሎ የሰጠኝ ነው፤ ፈትቼ፣ መስታወቱን አጥቤ፣ መልሼ ገጥሜዋለሁ። ጎኑ ላይ 10 እና 50 የሚል ያያሉ። አሥሩ ስንት እጥፍ እንደሚያቀርብ ነው፣ ሃምሳው የፊተኛው መስታወት ስፋት በሚሊሜትር ነው። ከዚህ የሚበልጥ ለጀማሪ ሸክም ነው። ጨረቃን ሙሉ ስትሆን አይዩአት፤ ግማሽ ስትሆን ነው ጉድጓዶቿ ጥላ ጥለው የሚታዩት። ወደ ፀሐይ ግን በዚህ ነገር ለአፍታም እንዳያዩ፣ ዓይን ያጠፋል። ይህን ለፌንጣም በየቀኑ ነው የምነግራት።

አንድ ችግር አለ። ባይኖኩላሩ ሰማዩን አሥር እጥፍ ሲያቀርብ የእጅዎንም መንቀጥቀጥ አብሮ ያጎላዋል። ስለዚህ ከእንጨት ማቆሚያ ይሠራልዎታል። በአስተካካዩ ወንበር ላይ ቁጭ ብለው፣ ከወንበሩ መቀመጫ እስከ ዓይንዎ ያለውን በሜትርዎ ለክተው ይላኩልኝ። ተንጋለው ያለውንም ይለኩ። የሚሠራው ሰው ያለ ልክ እንጨት አልቆርጥም ብሏል።

ከጆሮህ ነው የምጀምረው ያሉትን ሳነብላት ፌንጣ በሳቅ ወለል ላይ ተንከባለለች።

ምራትዎ


ኅዳር 28 ቀን

ልጄ፣

ቀጥ ብዬ ስቀመጥ ሰባ ሁለት ሴንቲ፣ ስንጋለል ሃምሳ አንድ። ራሴን መለካት አስቸግሮኝ አስተካካዩን ጠራሁት፤ ሜትሩን ዓይኔ ውስጥ ሊከተው ነበር። አርባ ዓመት የሰው ወገብና ትከሻ ስለካ ኖርኩ፣ የኔን ልክ የጠየቀኝ ሰው ግን ይህ የመጀመሪያው ነው። ያለ ልክ አልቆርጥም ማለቱም ደስ አሰኝቶኛል፤ ሥራ የሚያውቅ ሰው ንግግር ነው። ማነው እሱ?

ባይኖኩላሩ ደርሶኛል፣ እግዜር ይስጥልኝ። ጨረቃን ግማሽ ስትሆን አየኋት። ስድሳ ስድስት ዓመት ሙሉ ከላዬ ስትሄድ ስትመጣ እንዲህ በፈንጣጣ የተበሳሳች መሆኗን ማንም አልነገረኝም። ጮኼ አስተካካዩን ጠራሁት፤ እሱም አይቶ "ማን እንዲህ አበላሽቶ ላጫት?" አለ።

አሁን ወደ ክሴ። ካርታው እምቢ አለኝ። ፌንጣ ምሥራቅን በግራ፣ ምዕራብን በቀኝ አድርጋ ነበር የሣለችው። አርባ ዓመት ልብስ የቆረጠ ሰው ደግሞ ውስጥና ውጭው የተገላበጠን ነገር ከሩቅ ያውቃል። ወረቀቱን መስኮት ላይ ለጥፌ ከጀርባው ቀዳሁት፤ ምሥራቅ በቀኝ፣ ምዕራብ በግራ፣ እንደማንኛውም ካርታ። ልፋት እንጂ ጥቅም የለውም። በአንድ መስመር የተደረደሩትን ሦስቱን ኮከቦች አገኘኋቸው፣ ከጎናቸው ያለውንም ትልቁን ቀይ ኮከብ አገኘሁት። ሦስቱ ሲገጥሙልኝ ቀዩ ያፈነግጣል፣ ቀዩ ሲገጥምልኝ ሦስቱ ይጣመማሉ። የግራ እጅጌ ቀኝ ትከሻ ላይ እንደተገጠመበት ኮት ነው፣ ብትጎትቺው ብትጎትቺው አይቀመጥም። አሥር ቀን ታገልኩት። እንግዲህ ወይ ሰማዩ ተሳስቷል ወይ እኔ፤ እኔ ደግሞ እንደምታውቂኝ አልሳሳትም።

እማማ


ታኅሣሥ 9 ቀን

እማማ፣

ማቆሚያው ተሠርቶ አልቋል፤ ዛሬ ጠዋት በአውቶቡስ ልኬዋለሁ። ማነው ላሉኝ፣ አናጺ ነው። የመነጽር ቤታችንን መደርደሪያ የሠራው እሱ ነው። ጣትዎን ስንጥር እንዳይወጋዎ ብሎ ጠርዙን ሁሉ በእጁ ሲያለሰልስ ሁለት ቀን ፈጀ። ሌላ የምለው ነበረኝ፤ ይቆይ።

ስለ ካርታው የሣለችው ራሷ እኔ ልመልስ ብላለች፣ ብዕሩንም ከእጄ ነጥቃኛለች።

አያቴ ካርታዬ ልክ ነው!! አላጠፋሁም! የመሬት ካርታ ወደ ታች ነው የሚታየው፣ የሰማይ ካርታ ግን ወደ ላይ ነው የሚታየው። ወንበርሽ ላይ ተኚና ከራስሽ በላይ ያዢው፣ የተሣለበት ወደ ፊትሽ ይሁን። ከዚያ ምሥራቁ በራሱ ወደ ምሥራቅ ይዞራል። አባዬ ነው ያሳየኝ። ሰው ሁሉ መጀመሪያ ይሳሳታል ብሎኛል፣ ስለዚህ አትፈሪ። ሰማይ እንደ ኮት ነው፣ እኛ ውስጡ ነን። እማዬ "ገበሩን ነው የምናየው በያት፣ ወዲያው ይገባታል" አለችኝ። ገባሽ? ያስተካከልሽውን ቀደሽ ጣዪው። እኔ ፌንጣ።


ታኅሣሥ 24 ቀን

ልጆቼ፣

ገበሩን ነው የምናየው ያላችሁት ወዲያው ገባኝ። የፌንጣን ካርታ አውጥቼ፣ ተንጋልዬ፣ ከራሴ በላይ ያዝኩት፤ ሁሉም ቦታ ቦታውን ያዘ። ቀዩ እዚያው፣ ሦስቱ እዚያው፣ ትንሽ አለፍ ብሎ ደግሞ እነዚያ ተጠጋግተው የተሰበሰቡት ጥቃቅኖች። በዓይኔ ስድስት ቆጥሬ ነበር፤ በባይኖኩላሩ ግን ሠላሳ ላይ ስደርስ ቁጥሩ ጠፋብኝ። ፌንጣዬ፣ አያትሽ ተሸንፋለች። በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

ከዚህ በታች ያለው ለእናትሽ ነው።

ልጄ፣ ለምን እንደጠየቅሁሽ አሁን ልንገርሽ። መስከረም ላይ የልብስ ልክ የማስቀምጥበትን ቁም ሣጥን ሳጸዳ ጨርቅ ላይ አስቀምጬ የምቆርጥበት የወንድ ኮት የእጅጌ ልክ ከእጄ ወደቀና ተገለበጠ። ወፍራም ወረቀት ነው፣ ከሃያ ዓመት በላይ ስንት ኮት ቆርጬበታለሁ፣ ጀርባውን ግን ልብ ብዬ አይቼው አላውቅም። ጀርባው ነጠብጣብ ነው። ትልልቅ ነጥብ፣ ትንንሽ ነጥብ፣ አጠገባቸው የልጄ የእጅ ጽሑፍ። ጫፉ ላይ በግራ በኩል "ምሥራቅ" ይላል።

ያኔ ሁሉም ነገር ትዝ አለኝ። አሥራ ሁለት ዓመቱ ነበር። ሥራ ላይ ነበርኩ፣ አፌ ላይ አራት ስፒል ነክሼ። ሥዕሉን አምጥቶ ዘረጋልኝ። አየት አድርጌ "ምሥራቅና ምዕራብ ተገላብጦብሃል፣ ሂድና አስተካክለህ አምጣ" አልኩት። አንድ ነገር ሊያስረዳኝ አፉን ከፈተ፤ አሁን ሥራ ላይ ነኝ አልኩት። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ትቶት ሄደ። በዚያው ሳምንት የልክ ወረቀት አለቀብኝና የእሱን ሥዕል ለእጅጌ ልክ ቆረጥኩት። ከዚያ በኋላ አንድም ቀን ስለ ኮከብ አላነሣልኝም። ለአንቺ አነሣልሽ፣ ፌንጣን አስተማረ፣ ለእኔ ግን አላነሣም።

ወረቀቱን ሳገኘው ምን ሊያሳየኝ እንደፈለገ ማወቅ ፈለግሁ። ከአንቺ በቀር የምጠይቀው ሰው አልነበረኝም፤ ሁለት ዓመት ያፈርኩትን ያህል አፍሬ ጻፍኩልሽ። እስከዚህ ወር ድረስ ግን አንድ ነገር ላይ እርግጠኛ ነበርኩ፣ ልጄ መሳሳቱ ላይ። ለካ ትክክል ነበር። ያን ማታ የተቆረጠውንም ወረቀት ከራሴ በላይ ያዝኩት፤ ከትከሻ እስከ ክርን ያለው ሁሉ ልክክ ብሎ ገጠመ። እዚያው ወንበሩ ላይ አለቀስኩ።

በራፌ ላይ ያልኩሽንም እንዲሁ ነው ያልኩሽ፣ ሳላይ፣ ሳልሰማ፣ አፌ ስፒል እንደነከሰ። አንቺም ባልሽን ቀብረሽ መምጣትሽ ነበር። ይቅር በዪኝ።

ማቆሚያው ደርሷል። አንገቴን አንድ ጣት ታህል ሳላነሣ ዓይኔ ላይ ያርፋል። ለሰው ስሰፋ ኖሬ ለእኔ እንዲህ ልክ የሆነ ነገር ሠርቶልኝ የሚያውቅ የለም።

ትምህርት ሲዘጋ ኑ። ቴሌስኮፑንም ይዛችሁ ኑ፤ አሁን ለመጨረሻው ደርሻለሁ መሰለኝ።

እማማ


ጥር 7 ቀን

እማማዬ፣

ይቅር ከተባባልን ቆየን፤ እኔ ከፀጉር አስተካካዩ ወንበር ጀምሮ ይቅር ብያለሁ። እጅጌው ላይ ስላለው ካርታ ለፌንጣ ነገርኳት። "ክርኑ ጋ ያለው ኮከብ የቱ ነው?" ብላ ሌሊቱን ሙሉ አላስተኛችኝም።

እንድንመጣ ጋብዘውኛል፤ እኔ ግን ይህን ሳልነግርዎ አውቶቡስ አልሳፈርም። ሦስት ጊዜ ጽፌ ቀድጄዋለሁ፤ እርስዎ እንደሚሉት መተርተር ነው። አራተኛውን ግን አልቀድም።

አናጺው አግቢኝ ብሎኛል። የጠየቀኝ ግንቦት ላይ ነው። ጥሩ ሰው ነው፣ ረጋ ያለ፣ ፌንጣም ትወደዋለች። እኔም እወደዋለሁ፤ ይህን በእጄ ስጽፈው የመጀመሪያዬ ነው። መልስ ግን እስካሁን አልሰጠሁትም። "ሌላ ባል ታገኛለሽ" ያሉት ቃል በራፌ ላይ ቆሞ አላሳልፍ አለኝ። ያሉት ሲደርስ ልጅዎን የከዳሁት ይመስለኛል። ቴሌስኮፑን ቤቴ ውስጥ ማንም አልነካውም። አናጺው ሣጥኑ ሲሰነጠቅ ክዳኑን ጠግኖ ቦታው መልሶታል፤ ከፍቶ እንኳ አላየውም።

የምፈራው ይህንን ነበር። ይከፋዎት ይሆናል፣ መብትዎ ነው። አትምጡ ቢሉኝም እረዳለሁ። ፌንጣ ግን አያቷን አጥታ አባት እንድታገኝ አልፈልግም። የእርስዎን ሳልሰማ ለእሱ አዎም እምቢም አልለውም፤ ይህንንም ነግሬዋለሁ። "ጠይቂያቸው፣ እጠብቃለሁ" ነው ያለኝ።

ምራትዎ ብዬ ልፈርም ወይስ ምን ልበል፣ አላውቅም።


ጥር 19 ቀን

ልጄ፣

ልጅሽ ብለሽ ፈርሚ። ምን ያስቸግራል?

ይህን ደብዳቤ አልተረተርኩትም፤ ጠማማ ካለው እንዳለ ይሂድ። አናጺውን ካወቅሁት ወር አልፎኛል። ማቆሚያውን ለመጥረግ ስገለብጠው ከሥሩ አንዲት ትንሽ ፌንጣ ተቀርጻ አየሁ፤ አንቴናዋ ሳይቀር። ለደንበኛ የሚሠራ አናጺ ደግሞ የልጅ ቅጽል ስም ከየት ያውቃል? ያን ቀን አልከፋኝም ብል ውሸት ነው። ቀኑን ሙሉ አለቀስኩ፣ ኮት የሚወስድ ደንበኛ መጥቶ በር አልከፈትኩለትም። ማታ ግን ወንበሬ ላይ ወጣሁ። ባይኖኩላሩን ማቆሚያው ላይ አስቀመጥኩት፣ ዓይኔ ላይ አረፈ፣ አልተንቀጠቀጠም። አይቶኝ የማያውቅ ሰው፣ አንዲት ተናጋሪ አሮጊት አንገቷን እንዳያማት ብሎ ከወንበር እስከ ዓይኗ ያለውን ጠይቋል። እንዲህ ያለ ሰው ፌንጣን እንዴት እንደሚይዝ፣ አንቺን እንዴት እንደሚይዝ አሰብኩ። ደግሞ አለቀስኩ፣ ያኛው ግን ሌላ ዓይነት ነበር።

በራፌ ላይ ካልኩሽ የመጀመሪያው ግማሽ ደርሷል፤ ደስ ይበልሽ፣ እኔንም ደስ ብሎኛል። በሁለተኛው ግማሽ፣ ሌላ ልጅ አላገኝም ባልኩት ግን ተሳስቻለሁ። ያው መቼም ሰማዩ አልተሳሳተም።

እና ዛሬውኑ አዎ በዪው። ትምህርት ሲዘጋ ሁላችሁም ኑ። አስተካካዩ ሌላ አሮጌ ወንበር አለኝ ብሏል፤ ጨረቃዋን ደግሜ ካሳየሁት በነፃ ያመጣልኛል። በረንዳዬ ግን ማታ ይበርዳል፣ ቁጭ ያለ ሰው ቶሎ ይበርደዋል ብለሽ የጻፍሽልኝ አንቺ ነሽ። ስለዚህ ወፍራም ካፖርት እየሰፋሁ ነው፣ ገበሩ ቀይ። የፌንጣ አልቋል፤ ስለምትዘል ወገቡን ሰፋ አድርጌዋለሁ። የአንቺ ቁልፍ ብቻ ቀርቶታል። የእኔ ተቆርጧል።

አራተኛው ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። እጅጌውን የምቆርጠው በዚያው በልጄ ወረቀት ነው፤ ከሃያ ዓመት በላይ የቆረጥኩበት ጥሩ እጅጌ ነው፣ አሳፍሮኝ አያውቅም። የአናጺውን ልክ ብቻ ነው የማላውቀው። የትከሻውን ስፋት፣ የደረቱን ዙሪያ፣ ከትከሻው እስከ እጁ አንጓ ያለውን ለክተሽ ቶሎ ላኪልኝ። እኔም ያለ ልክ ጨርቅ እንደማልቆርጥ ንገሪው።

እማማ